የማን ልጅ ነሽ?

በ1980ዎቹ መጨረሻ ከሕግ ፋኩልቲ ተመርቆ የንግድ ጉዳይ በሚይዝ ጠበቃ ዘንድ ሥራ መፈለግ ማለት ፎቅ ለፎቅ መዞር ማለት ነበር። ማስታወቂያ አይወጣም። አራት ኪሎ ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ የሚነበበው የሒሳብ ሠራተኛ፣ የጸሐፊና የሽያጭ ሠራተኛ ጥሪ ነው፤ «በሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ» የሚል ከተገኘም ጠሪው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ጠበቃ ቢሮ መግባት የፈለገ ጀማሪ ፒያሳን፣ ቸርችል ጎዳናንና የልደታን አካባቢ እየዞረ «ጠበቃና የሕግ አማካሪ» የሚል ታፔላ ያነባል፤ ደረጃውን ይወጣል፤ ያንኳኳል። ዲግሪው ገና ታትሞ ስላልደረሰ በእጁ ያለው ቴምፖና ስቱደንት ኮፒ ነው። እሱንም እንዳይጨማደድ በክላሰር አድርጎ ይዞታል።

ቦታው ለምን ያን ያህል ጠባብ እንደነበር ዛሬ ለሚመረቁት መንገር ያስፈልጋል። በ1967 ባንኩም፣ ኢንሹራንሱም፣ ትልልቁ ፋብሪካም ሲወረስ የ1952ቱ የንግድ ሕግ አልተሻረም፤ ሥራ ፈታ እንጂ። አክሲዮን ማኅበር የሚያቋቁም ሰው በጠፋበት አገር የአክሲዮን ማኅበርን ሕግ ጠንቅቆ የሚያውቅ ጠበቃ ምን ይሠራል? ወደ ውርስ፣ ወደ ፍቺና ወደ ቤት ክርክር የዞረ ዞረ፤ ከአገር የወጣም ወጣ። በ1986 በአዋጅ ቁጥር 84 የግል ባንክ ሲፈቀድ ያ ሕግ ከመደርደሪያ ወረደ። መመሥረቻ ጽሑፍና መተዳደሪያ ደንብ የሚያረቅቅ፣ የባለአክሲዮኖችን ቃለ ጉባኤ የሚይዝ፣ የብድርና የመያዣ ውል አንብቦ ጉድጓዱን የሚያሳይ ሰው ተፈለገ። ይህን የሚያውቁት ደግሞ ፀጉራቸው የሸበተው ጥቂት ሰዎች ነበሩ።

እነዚያ ሰዎች ድርጅት አልነበራቸውም። የጥብቅና ፈቃድ የሚሰጠው ለግለሰብ ብቻ ነበር፤ በ1992 የወጣው አዋጅ ቁጥር 199ም በዚያው ቀጠለ። ሁለት ጠበቆች አንድ ቢሮ ተከራይተው አንድ ጸሐፊ ቢቀጥሩ እንኳ በሕጉ ዓይን ለየብቻቸው የቆሙ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ጀማሪው የሚወዳደርበት የሥራ መደብ የሚባል ነገር የለም። አንድ ሰው ሥር ይገባል፤ የሚያስገባውም ያ ሰው ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ በሁሉም በር አንድ ነበር። «የማን ልጅ ነሽ?»

ጥያቄውን የጠየቁት ሁሉ ክፉዎች አልነበሩም። በጠበቃ ጠረጴዛ ላይ የሰው ካርታ፣ የሰው ቼክ፣ የሰው ምስጢር ተዘርግቶ ይውላል። ባልና ሚስት የማይነጋገሩትን ነጋዴው እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይናገራል። ጠበቃው ለዚህ ሁሉ ዋስ የሚሆነው ሰው ይፈልጋል፤ ያን ጊዜ የሚታወቀው ዋስትና ደግሞ ዘመድ ነው። እኔም የገባሁት በዚያ ነው። አጎቴ የጠበቃው ደንበኛ ጎረቤት ነበር፤ ስሙን ስጠራ «እ... የእሳቸው እህት ልጅ!» ተባለና ወንበር ተሳበልኝ። ስቱደንት ኮፒዬ የታየው ከዚያ በኋላ ነው።

አብሮኝ የተመረቀ ከወሎ ገጠር የመጣ ልጅ ነበር። ከፈተና በፊት የንብረት ሕግን ላይብረሪ ውስጥ ለእኛ የሚያስረዳን እሱ ነው፤ ውጤቱም ከሁላችንም ይበልጣል። እሱም እንደ እኔ ደረጃዎቹን ወጥቷል። «የማን ልጅ ነህ?» ሲሉት የአባቱን ስም ይናገራል፤ ስሙን ግን የሚያውቀው አልነበረም። «ስልክህን ተውልን» ይሉታል። ስልክ አልነበረውም። በመጨረሻ በአንድ ወረዳ ዳኛ ሆኖ ሄደ፤ ለወረዳው እሰየው። የንግድ ሕጉ ግን በዚያ ዘመን እጅግ የሚያስፈልገውን አንድ አእምሮ አጣ፤ ይህን ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል።

ለሴቶች ሁለተኛ ጥያቄ ነበረችልን፤ «ስታገቢስ?» የምትል። በፈገግታ ነው የምትጠየቀው። መልሷ ምንም ቢሆን የጠያቂው ልብ አስቀድሞ ወስኗል፤ አንዳንዱ «እሺ እናስብበታለን» ብሎ እስከ በሩ ይሸኛል።

ከእነዚህ ጥያቄዎች ወዲያ ያለው ፈተና ግን የሚገርም ነበር፤ ስለ እሱ ሳልናገር ባልፍ በደል ይሆንብኛል። ጠበቃው በገመድ የታሰረ አንድ ጥቅል ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። የሁለት መርካቶ ነጋዴዎች ጠብ ነው። ደረሰኝ አለ፣ በእርሳስ የተጻፈ የዱቤ ዝርዝር አለ፣ ሽማግሌዎች የፈረሙበት ግማሽ ገጽ ስምምነት አለ፣ የመጋዘን ኪራይ ውል አለ። «ተቀመጪና አንብቢ። ከዚያ ነገሩን ጻፊልኝ» አሉኝና ወደ ችሎት ሄዱ። ጸሐፊዋ ሻይ አመጣችልኝ። እስኪመለሱ ድረስ በእጄ ጻፍኩ፤ ማን መቼ ምን እንደሰጠ፣ ማን ምን እንደካደ፣ የትኛው ወረቀት የትኛውን እንደሚያፈርስ።

ተመልሰው ቆመው አነበቡት። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 222 ክስ ምን ምን መያዝ እንዳለበት ተዘርዝሯል፤ እሱን ይጠይቁኛል ብዬ ተዘጋጅቻለሁ። እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ይሄ ሰውዬ ገንዘቡን ነው ወይስ ጓደኛውን ነው የሚፈልገው?» አሉኝ።

በአምስቱ ዓመት ትምህርት እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም። ወረቀቱን እንደገና አየሁት። የሽማግሌዎቹ ስምምነት ላይ ከሳሽ መሆን የፈለገው ሰው ከተቆረጠለት ገንዘብ ላይ በገዛ ፈቃዱ ቀንሶ ነበር። «ጓደኛውን ይመስለኛል» አልኳቸው፤ ይህንኑም አሳየኋቸው። «ሰኞ ነይ» አሉኝ። በቃ፤ ቃለ መጠይቁ ይኸው ነው። ደመወዝ ስንት ነው ብሎ መጠየቅ ነውር ስለነበር አልጠየቅኩም። ወሩ ሲያልቅ ፖስታ ተሰጠኝ፤ ብዙ አልነበረም፤ ግን ያለ ፖስታ ያለፈ ወር አልነበረም።

ከዚያ ሰኞ ጀምሮ የሆነውን ባጭሩ ልለፈው። ሬጅስትራር ዘንድ መዝገብ መክፈት፣ ውልና ማስረጃ ተራ መጠበቅ፣ ብርሃንና ሰላም ሄዶ አዲስ የወጣ ነጋሪት ጋዜጣ መግዛት፣ ማታ ደግሞ እሳቸው በቀይ እስክሪብቶ ያረሙትን መልሶ መጻፍ። ከፍትሐ ብሔር ሕጉ አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን እንዳነብ ያስለመዱኝ እሳቸው ናቸው። ሕጉ በፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ተረቅቆ ወደ አማርኛ የተመለሰ ነውና አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ሳያስተያይ የሚከራከር ጠበቃ አንድ ቀን ይወድቃል ይሉ ነበር።

አሁን ወደ ዛሬው ልምጣ።

2013 ለሙያችን ትልቅ ዓመት ነው። አዲሱ የንግድ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 1243 ወጣ፤ የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248፣ የጥብቅና አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1249 ተከተሉ። በዚያው ዓመት ሳፋሪኮም ሁለተኛውን የቴሌኮም ፈቃድ አገኘ። በ2017 ደግሞ የውጭ ባንኮችን የሚያስገባው አዋጅ ቁጥር 1360 ጸደቀ፤ በጥር ወር የሰነደ መዋዕለ ነዋይ ገበያው ደወል ተደወለ። ከሁሉም ለእኛ ቅርብ የሆነው 1249 ነው፤ ጠበቆች ኃላፊነቱ የተወሰነ የሽርክና ማኅበር መሥርተው ድርጅት ሆነው እንዲሠሩ ፈቀደ። ስንት ዘመን የተጠየቀ ነገር ነው! አንድ ጠበቃ ሲሞት ቢሮውም፣ ደንበኛውም፣ ያካበተው እውቀትም አብሮ የሚቀበርበት ጊዜ ሊያበቃ ነው ብዬ ደስ አለኝ። አሁንም ደስ ይለኛል።

የሕግ ትምህርት ቤቱም እንደ ድሮው በስድስት ኪሎ ዙሪያ አልቀረም። በየክልሉ ተከፍቷል፤ የመውጫ ፈተናን የሕግ ተማሪዎች ከሌላው ሙያ ሁሉ ቀድመው ነው የጀመሩት። ቦሌና ካዛንቺስ ያሉት የጥብቅና ድርጅቶች ጀማሪ ሲፈልጉ በቴሌግራምና በሊንክድኢን ያስነግራሉ። ማመልከቻው በኢሜይል ይገባል፣ የጽሑፍ ፈተና በኮምፒውተር ይሰጣል፣ ከዚያ ሦስት አራት ሰው ፊት ቃለ መጠይቅ ይደረጋል። ጠያቂዎቹ መካከል ሴቶች አሉ። «የማን ልጅ ነሽ» የሚል የለም፤ «ስታገቢስ» የሚል ቢኖር የሚያፍረው እሱ ነው። ይህ በነጻ የመጣ ለውጥ አይደለም፤ በየችሎቱና በየቢሮው የቆሙ ሴቶች ያመጡት ነው።

በቅርብ ዓመታት አንዳንድ ድርጅቶች በዚህ ቃለ መጠይቅ ላይ እንድቀመጥ ይጋብዙኛል። እሄዳለሁ፤ ወጣቶቹን ማየት እወዳለሁ። ልቤን የሚያስጨንቀው ነገር የጀመረውም እዚያ ነው።

በቅድሚያ የማመልከቻ ደብዳቤዎቹ። ሁሉም በእንግሊዝኛ ናቸው፤ ብዙዎቹም ከአንድ እጅ የወጡ ይመስላሉ። ማሽን እንደረዳቸው ግልጽ ነው፤ በዚህ አልፈርድባቸውም፤ የሚጠየቁት ማንም ሊጽፈው የሚችለውን ከሆነ ማንም ይጽፈዋል። ከዚያ ክፍሉ ውስጥ ሲገቡ ከሰላምታው በቀር ጥያቄውም መልሱም እንግሊዝኛ ነው። «ስለ ራስሽ ንገሪን» ከሚለው እስከ መጨረሻው።

አንድ ቀን ሁለት ልጆች ተከታትለው ገቡ። የመጀመሪያው ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ውድ የግል ትምህርት ቤት የተማረ መሆኑ ገና አፉን ሲከፍት ይታወቃል። ስለ አክሲዮን ዝውውር ተጠየቀ፤ እያማረ፣ ሳይቆም፣ ደቂቃዎች ተናገረ። ጨዋ ልጅ ነው። የተናገረውን በማስታወሻዬ ላይ ለማስፈር ስሞክር ግን የምይዘው ነገር አጣሁ። ሁለተኛዋ ከሩቅ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀች ናት፤ የጽሑፍ ፈተናዋ ከሁሉም የተሻለ ነበር። ያው ጥያቄ ሲቀርብላት ቃል አጠራት። ጀመረች፣ አቆመች፣ ከንፈሯን ነከሰች። የክፍሉ ዓይን ወደ ሰዓት መሄድ ጀመረ።

ሰብሳቢውን አስፈቅጄ በአማርኛ ጠየቅኳት። «ልጄ፣ አምስት አባላት ያሉት ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አለ። አንዱ ሞተ። ሚስቱና ሦስት ልጆቹ ቢሮሽ መጥተው ተቀምጠዋል። ምን ታደርጊያለሽ?»

ቀና አለች። «መጀመሪያ መተዳደሪያ ደንቡን አምጡልኝ እላለሁ፤ ስለ ወራሾች መግባት ምን እንደሚል ሳላይ ምንም አልመልስም። ከዚያ የውርስ ማስረጃ አውጥተው እንደሆነ እጠይቃለሁ። ከዚያ...» አለችና ትንሽ አሰበች። «ከዚያ አራቱንም ለየብቻ አነጋግራለሁ። እናትየው የባሏን ሥራ ማስቀጠል ትፈልግ ይሆናል፤ ልጆቹ ደግሞ ድርሻቸው ተሰልቶ ይሰጠን ይሉ ይሆናል። የሁሉም ጠበቃ መሆን እንደምችልና እንደማልችል የማውቀው ያኔ ነው።»

የጥቅም ግጭትን ማንም ሳይጠይቃት አነሳችው። ልምድ አለን የምንል ጠበቆች አንዳንዴ ዘግይተን የምናስታውሰው ነገር ነው። ከወጣች በኋላ ግን በውይይቱ ላይ «ኮሙኒኬሽኗ ደካማ ነው» ተባለ፤ ሌሎቹም ተስማሙ። እኔ አልተስማማሁም፤ ተናገርኩም። ቦታውን ያገኘው ልጁ ነው።

እንግሊዝኛ አያስፈልግም የምል እንዳይመስለው አንባቢዬ። ከውጭ አበዳሪ ጋር የሚፈረመው ውል በእንግሊዝኛ ነው፤ ባለሀብቱ የሚጠይቀው የሕግ አስተያየት በእንግሊዝኛ ነው፤ የግልግል ዳኝነቱም እንዲሁ። ያለ እሱ የንግድ ጠበቃ መሆን ዛሬ ከባድ ነው። ግን ያው ውል ሲጣስ ወዴት ይኬዳል? ልደታ። እዚያ የሚሠራበት ቋንቋ አማርኛ ነው። በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ አዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ቅጂ ቢለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። የሰበር ሰሚ ችሎት በየቅጹ የሚያትመው አስገዳጅ የሕግ ትርጉም አማርኛ ነው። ኦሮሚያ ውስጥ የፋብሪካ መሬት ጉዳይ ከገጠመሽ ደግሞ መዝገቡ አፋን ኦሮሞ ነው፤ አፋን ኦሮሞ አቀላጥፎ የሚጽፍ ጀማሪ ግን ችሎታው ከማመልከቻው ግርጌ፣ «ሌሎች ቋንቋዎች» ከሚለው ሥር ተቀምጦ ይቀራል። ድርጅቱ በኋላ አስተርጓሚ ይቀጥራል።

በቃለ መጠይቅ ክፍል ውስጥ የምንሰማው እንግሊዝኛ አብዛኛውን ጊዜ የልጁ ትጋት ብቻ አይደለም። ወላጅ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በየተርሙ የከፈለበት ነው። የገጠሩ ልጅ በአሥራ ሁለት ዓመቱ በመጽሐፍ ላይ ብቻ ያገኘውን ቋንቋ የከተማው ልጅ በመኪና ጉዞ ላይ ሲያወራው አድጓል። እንግሊዝኛው ጥሩ ያልሆነ ብልህ ልጅ እንግሊዝኛ በሚሠራበት ቢሮ ውስጥ በአንድ ዓመት ይለውጠዋል፤ አይቻለሁ። ደንበኛው ምን እንደሚፈልግ መጠየቅ የማያውቅ ልጅ ግን በአንድ ዓመት ሲለወጥ ብዙ አላየሁም። ያስገቡኝ ጠበቃ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ ፊት ለፊት ጠየቁኝ። እኛ ሳንጠይቅ መልሱን ከንግግራቸው እንሰማለን፤ በዚያው እንፈርዳለን።

ሌላም አለ። «ለልምድ» በሚል ሦስት ወር፣ ስድስት ወር ያለ ክፍያ የሚያሠሩ ቢሮዎች አሉ። ከዚያ ከወጡት ውስጥ ነው ቋሚው የሚመረጠው። ከአዲስ አበባ ውጭ የመጣች ልጅ የቤት ኪራይ፣ የታክሲና የምሳ ማን ይከፍልላታል? ጥያቄው ለእሷ ሲሆን መልሱ ማመልከቻ አለማስገባት ነው። እናም የቀሩት እነማን እንደሆኑ ማወቅ ከባድ አይደለም። አንዳንዱ ማስታወቂያ ደግሞ «ጀማሪ» ብሎ ይጀምርና ሁለት ዓመት ልምድ ይጠይቃል። እና ዝምታው! በድሮው ጊዜ ቢያንስ «አንቀበልሽም» የሚለውን ሰው ፊት አይተን ነበር የምንመለሰው። ዛሬ «ለተመረጡት ብቻ እንደውላለን» ተብሎ ይዘጋል፤ ልጆቹ ስልካቸውን ይዘው ሳምንታት ይጠብቃሉ። ሦስት መስመር ኢሜይል ለሁሉም በአንድ ጊዜ መላክ በሚቻልበት ዘመን ይህን የሚያስቀር ምክንያት አይታየኝም።

ለተመራቂዎቹም አንድ ነገር ልበል፤ የመምከር መብት ያለኝ ስለምወዳችሁ ነው። ስለ ድርጅቱ ከድረ ገጹ የሸመደዳችሁትን ጠያቂው ራሱ ነው ያጻፈው፤ አይደንቀውም። ይልቅ ከቃለ መጠይቁ በፊት ልደታ ሂዱና የንግድ ችሎት ላይ ቁጭ በሉ፤ ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው። የሰበር ውሳኔ አንድ ቅጽ ወስዳችሁ ስለ ማኅበራት የተወሰነውን አንብቡ፤ ፍሬ ነገሩን አንቀጽ ሳትጠሩ ለእናታችሁ ንገሯት። ከገባት ጠያቂዎቹም ይገባቸዋል። ቃል ቢጠፋችሁ «ይህን በአማርኛ ላስረዳ?» ብላችሁ ጠይቁ። እምቢ ካሏችሁ እምቢታው የእነሱ ነው።

የጥብቅና ድርጅት ያላችሁ የሙያ ጓደኞቼ፣ ሕጉ ድርጅት ሁኑ ብሎ የፈቀደልን በእኛ ያልጀመረውን ሙያ ለሚቀጥሉት እንድናስተላልፍም ነው። በሐምሌ ተመራቂዎቹ ሲመጡ የጽሑፍ ፈተናውን ስማቸውንና ዩኒቨርሲቲያቸውን ሸፍናችሁ አርሙ። ከቃለ መጠይቁ ግማሹን በአማርኛ አድርጉት። የሚለማመደውን ልጅ ትንሽም ቢሆን ክፈሉት። ላልተቀበላችሁትም ጻፉለት።